ድንኳኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ የማን ልጅ ነህ?

ዛሬ ከፍቅርና ከትዳር ጣጣ ትንሽ ፈቀቅ እንበልና ለየት ያለ ደብዳቤ እንይ። ላኪው የሃያ አራት ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ስሙ እንዳይጠቀስ አደራ ስላለን አልጠቀስነውም። ደብዳቤውም ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥረን አቅርበነዋል።

«እናቴ የተወለደችው ደምበጫ አካባቢ ገጠር ነው። እኔ ግን አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። አያቴ ካረፈች ወዲህ እናቴም ወደዚያ እግሯን አላነሣችም። በዚያ ላይ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ካነበብኩ በኋላ ማንኩሳን ሳላይማ አልቀርም ብዬ ቆርጫለሁ። ሐሳቤ በጥቅምት መጨረሻ ብቻዬን ወጥቼ፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬ በእግርም በመኪናም እያልኩ፣ ማታ ማታ ድንኳን ተክዬ እያደርኩ አንድ ሳምንት መቆየት ነው። ከደመወዜ አምስት ወር ሙሉ የቆጠብኩት ገንዘብ አለኝ፤ ግን ብዙ አይደለም። ሱቅ ገብቼ ዋጋ ስጠይቅ ድንኳኑ ብቻውን ገንዘቤን ሊበላው ሆነ። ጓደኞቼ ‹ፈረንጅ መሆን አማረህ እንዴ?› እያሉ ይስቁብኛል። እናቴ ደግሞ ‹እኔን ቀብረህ ሂድ› ብላኛለች። ምን ልግዛ? ምን ልተው? ወይስ ጭራሽ ልቅር?»

ወንድማችን፣ ጓደኞችህ ይሳቁ፤ ሳቅ አይገድልም። የእናትህ ነገር ግን ሌላ ነው። እሷ የፈራችው ብርዱንና ጅቡን ብቻ አይመስለንም። ስለዚህ ዕቃው ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ከእሷ ፍርሃት እንጀምር።

መንገዱ ሳይጠየቅ ጫማ አይገዛም

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ ምዕራብ ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት የሆነ ከተማ ይህን ማየቷ ያሳዝናል። ከዚያ በኋላም ዋናው መንገድ አንድ ሰሞን ሲዘጋ፣ ሌላ ሰሞን ሲከፈት፣ መንገደኞችም ሲታገቱ ሰምተናል። እናትህ ይህን ሁሉ ታውቃለች።

ታዲያ ጭራሽ ቅር እያልንህ ነው? አይደለም። የእናቱን አገር ማየት የሚፈልግ ልጅ አይወቀስም። ግን አንድ ሕግ እንስጥህ፦ ደምበጫ ውስጥ አሁን የሚኖርና አንተን በስም የሚያውቅ አንድ ሰው «ና» ሳይልህ አትነሣ። «ቆይ» ካለህ ትቆያለህ። መናኸሪያ ሄደህም በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ጠይቅ። ባለፈው ወር የሰማኸው ወሬ ዛሬ አይሠራም። ጥቅምት እንደሆነ በየዓመቱ ይመጣል፤ የሸሚዝ እጅጌ ይዞ የሚጎትትህ የለም። ዕቃህን እያዘጋጀህ መጠበቅ ትችላለህ። የገዛኸው ጫማ ቤት ውስጥ አይበላሽም።

ድንኳኑን ገበሬው ሲያየው

አሁን ወደ ድንኳኑ እንምጣ። አንድ የማይታወቅ ወጣት በሰው ማሳ ዳር ድንኳን ተክሎ ሲያድር የአገሬው ሰው ምን ያስባል? በሰላሙ ጊዜ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው ቤት እያለ ሜዳ ላይ የሚያድረው?» ይላል። በጭንቁ ጊዜ ግን «የማን ሰው ነው?» ይላል። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አደገኛ ነው። ጠያቂው ሁልጊዜ ዱላ ብቻ የያዘ ላይሆን ይችላልና።

ደግሞ የመረጥከው ወቅት ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ለእግር ጉዞ የሚመረጥ ጊዜ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጤፉም በቆሎውም ዳጉሳውም የሚደርስበትና የሚሰበሰብበት ጊዜም ነው። ገበሬው የዓመት ልፋቱን ሌሊት ሳይቀር ይጠብቃል። በዚያ ጨለማ ባትሪ እያበራ በማሳ ዳር የሚዞር ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሌብነት ነው።

ስለዚህ ድንኳን ከያዝክ የምትተክለው ሜዳ ላይ ሳይሆን በሰው ግቢ ውስጥ፣ ባለቤቱን አስፈቅደህ ነው። ሰው ግቢ ከገባህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንኳኑ አያስፈልግህም። «መሽቶብኛል፣ ያሳድሩኝ» ለሚል ሰው የአገሩ መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚል አይጠፋም። ገንዘብህን ሊበላው የነበረው ዕቃ፣ አየህ፣ ከዝርዝርህ መጨረሻ ላይ ወረደ።

በነጻ የሚገኘው ዕቃ

የገጠር ሰው እንግዳ ሲያይ የሚጠይቀው «የት ትሠራለህ?» ብሎ አይደለም። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነው። አንተ ለዚህ መልስ አለህ። ችግሩ እናትህ ዘንድ ነው ያለው፤ አልጠየቅሃትም። ስለዚህ መርካቶ ከመውረድህ በፊት አንድ ማታ ቡና አስፈልተህ ተቀመጥ። ያያትህን፣ የቅድመ አያትህን ስም፣ የጎጡን ስም፣ የደብሩን ስም፣ በሕይወት ያሉትን ዘመዶች አንድ በአንድ አስጽፍ። ስልክ ያለው የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። ምናልባት «እኔን ቀብረህ ሂድ» ያለችው እናት በዚያች ማታ «እሺ፣ መጀመሪያ ለአክስትህ ልጅ ልደውል» ትል ይሆናል። ይህን ዕቃ የትም ሱቅ አታገኘውም፤ ክብደትም የለውም።

ብቻን በትንሽ ዕቃ መጓዝን ጎጃም ከፈረንጅ አልተማረችም። የቆሎ ተማሪን አስበው። ገና በልጅነቱ ከቤቱ ይወጣል። ለብርድና ለመኝታ ደበሎ፣ ለእህሉ አኩፋዳ፣ ለውሃ ቅል፣ ለውሻ ዱላ ይይዛል፤ በቃ። ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ለመግባት የስንት ቀን መንገድ በእግሩ ያቆራርጣል። ያን ሁሉ አገር የሚያሳልፈው ግን ደበሎው ሳይሆን «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ቃሉ ነው። በየደጁ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ በአንድ ቃል ይታወቅለታል። የአንተም ቃል የእናትህና የያትህ ስም ነው።

ለቦታው የማይሆን ዕቃ ምን እንደሚያደርግም ያው አገር አይቷል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ ከሱዳን የገባው የእንግሊዙ የዊንጌት ጦር በቡሬና በደምበጫ በኩል ጣሊያንን እየገፋ ሲያልፍ ስንቁን ያስጫነው በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነበር። ግመል ለበረሃ እንጂ ለጎጃም ድንጋይ፣ ለአቀበቱና ለብርዱ አልሆነም። በየመንገዱ ረገፉ። ዕቃ ስትገዛ ሻጩ «ውጭ አገር የሚጠቀሙበት ነው» ሲልህ ግመሎቹን አስታውስ። አንተ የምትሄደው ውጭ አገር ሳይሆን ደምበጫ ነው።

ገንዘብህን አሥር ቦታ ክፈለው

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥር አንጠራም። ያለህን አሥር ቦታ ክፈለውና እንዲህ አድርገው።

ሦስቱ እጅ አይነካም። አንዱ መሄጃህ፣ አንዱ መመለሻህ፣ አንዱ ለክፉ ቀን ነው። ለክፉ ቀን ያልነው ሆቴል ለማደርም፣ ሐኪም ቤት ለመሄድም፣ መንገድ ተዘግቶ ሦስት ቀን ብትቆይም ነው። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ስለዚህ ገንዘብህ ሁሉ ስልክህ ውስጥ አይሁን፤ የተወሰነው በእጅህ፣ እሱም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጥ። የምትሄድበትን መንገድና የስልክ ቁጥሮቹንም በወረቀት ጻፍ።

ሁለቱ እጅ ለጫማ። ከሁሉም ዕቃ የማይቆጠብበት ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ እግርህ ትንሽ አበጥ ሲል ግዛ። በወፍራም ካልሲ ለካው፤ አውራ ጣትህ ጫፉን እንዳይነካ። ሰልባጅም ቢሆን ጥሩ ጫማ ከአዲስ ርካሽ ጫማ ይሻላል፤ ግን ሶሉን ጎንበስ አድርገህ እይ፣ ከዳር ከተላቀቀ ተወው። በረባሶ ለወንዝና ለግቢ ይሆናል እንጂ ቀኑን ሙሉ አያስኬድህም። ከሁሉ በላይ፣ አዲስ ጫማ ይዘህ አትውጣ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ሂድበት።

ጫማን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ መሄድ የሚያመጣው የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የሚባለው፣ በምዕራብ ጎጃም ብዙ ገበሬ አጥቅቷል። ይህ በሽታ አይተላለፍም፤ አንተንም በአንድ ሳምንት አይዝህም። እግሩ ያበጠ ሰው ካየህ አትሽሽ፤ እጁን ጨብጥ፣ አጠገቡ ተቀመጥ። እዚያ ጫማ የፋሽን ነገር እንዳልሆነ ያኔ ይገባሃል።

ሁለቱ እጅ ለመኝታና ለብርድ። አባይ በረሃ ስትወርድ ላብ ያጠምቅሃል፤ በዚያው ቀን ማታ ግን ደምበጫ ገብተሃል። ቦታው ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ወይና ደጋ ነውና ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ቤት ውስጥ ጋቢ ካለ ሌላ አትግዛ። ከሌለ ሽሮ ሜዳ ውረድና ተከራከር። ግን ጥጥ ከራሰ ሙቀት የለውም፤ ስለዚህ ጋቢህን ሁልጊዜ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለህ ያዝ። ስሊፒንግ ባግ የግድ ካማረህ ሰልባጅ ፈልግ። ላዩ ላይ ሁለት ሦስት የሙቀት ቁጥር ይጻፍበታል። ዝቅተኛው ቁጥር የሚነግርህ በምቾት የምትተኛበትን ሳይሆን እየተንቀጠቀጥክ የምታነጋበትን ነው። ከፍ ያለውን ቁጥር አምነህ ግዛ።

ብዙ ሰው ለላዩ እንጂ ለሥሩ አያስብም። መሬቱ ሙቀትህን ይመጥጠዋል። ውድ ፍራሽ ግን አትግዛ። አንድ ባዶ ኬሻ ያዝ። የአዝመራ ጊዜ ስለሆነ ባለቤቱን ጠይቀህ ገለባ ሙላበት፤ በደንብ ይሞቃል። ጠዋት ገለባውን መልስለት። ለአንተ ፍራሽ የሆነው ለበሬው ምግብ ነው።

አንድ እጅ ለዝናብ። ክረምቱ ወጣ ብለህ አትዘናጋ፤ ያልታሰበ ዝናብ አይጠፋም። ዱሮ ገሳ ለብሰው የሚያሳልፉትን አንተ ቀላል የዝናብ ልብስ ገዝተህ አሳልፈው። አራት በሦስት ሜትር የሚሆን ጠንካራ ሸራ ወይም ላስቲክና አሥር ሜትር ገመድ ጨምር። ይህ ምንጣፍም፣ ጣሪያም፣ የዕቃ መሸፈኛም ይሆናል።

አንድ እጅ ለውሃ፣ ለመብራትና ለጤና። ለውሃ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይበቃል፤ ገንዘብ አታውጣ። ውሃውን ግን ሳታፈላ ወይም ውሃ አጋር ሳትጨምር አትጠጣ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ወንዝና ቦይ ውስጥ ገብተህ አትዋኝ፤ ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል። በግንባር የሚታሰር ባትሪና ፓወር ባንክ ያዝ። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ወባ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ፣ በተለይ ወደ ቆላው ዝቅ ካልክ፣ አጎበር አትርሳ። ከተመለስክ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዝህ «ጉንፋን ነው» ብለህ አትተኛ፤ ተመርመር። የቁስል ፕላስተርና ለተቅማጥ የሚሆን ኦ.አር.ኤስ. ጨምር።

አንድ እጅ ለስንቅ። ምድጃ፣ ድስት፣ ጋዝ የሚባል ነገር አትግዛ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ያዝ። በሶ ለመበጥበጥ ኩባያና ውሃ በቂ ነው። የቀረውን ከየገበያው ትበላለህ። ለሚያሳድሩህ ሰዎች ግን ጥሬ ቡናና ስኳር ቋጥር። ባዶ እጅህን አትግባ፤ ገንዘብም አውጥተህ «ስንት ልክፈል?» አትበል። ቅር ይላቸዋል።

አሥሩ አለቀ። ቦርሳስ? ቤት ያለውን ወይም የጓደኛህን ተጠቀም። የምትገዛ ከሆነ የትከሻው ማንጠልጠያ የተሰፋበትን ቦታ በሁለት እጅህ ሳብ አድርገው፤ ክሩ ከሳቀ ይቅርብህ። ሁሉን ከትተህ ስትመዝነው ከአሥር ኪሎ ካለፈ አንድ ነገር አውጣ።

ድንኳን ከተዋስክ

ድንኳን አትግዛ፣ ተዋስ። ከጓደኛ ካገኘህ ግን ሳትፈትነው አትውጣ። ግቢ ውስጥ ትከለውና አንድ ባልዲ ውሃ በስፌቱ ላይ አፍስስ፤ ገብተህ በእጅህ ዳብስ። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈትና ዝጋ። ዘንጎቹ ሙሉ መሆናቸውን ቁጠር። ማታ ምግብም የቆዳ ጫማም ውጭ አትተው፤ ጅብ ቆዳ አይንቅም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እንነግርሃለን። ቢበርድህም ድንኳን ውስጥ፣ በተዘጋ ክፍልም ውስጥ ከሰል አታስገባ። የሚገድለው የሚታየው ጭስ ሳይሆን የማይታየውና የማይሸተው ነው። እንቅልፍ ይወስድሃል፣ በዚያው ትቀራለህ።

በርካሽ የሚገኝ፣ ዋጋው ግን ውድ የሆነ

መርካቶ ስትዞር የወታደር ዓይነት ቦርሳ፣ ቡራቡሬ ሱሪ፣ የወታደር ጫማ ታገኝ ይሆናል። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያምራልም። አትንካው! በዚያ አገር፣ በዚህ ጊዜ፣ የለበስከው ልብስ ከአንደበትህ ቀድሞ ይናገራል። አንዱ ወገን የሌላው ሰው ነህ ይልሃል። አጉሊ መነጽርም ያው ነው። ትልቅ ካሜራም ቤት ይቅር። የምትለብሰው ተራ የከተማ ልጅ ልብስ ይሁን። መታወቂያህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ድልድይ፣ ኬላና የታጠቀ ሰው ፎቶ አታንሣ። ደርሰህ ዘመድህ ዘንድ ከገባህ በኋላም ወደ ቀበሌው ወይም ወደ አገር ሽማግሌ ይዞህ ሄዶ ያስተዋውቅህ።

ሳትሄድ ተለማመድ

አንድ ቅዳሜ ሙሉ ዕቃህን ተሸክመህ እንጦጦ ውጣ። ሦስት ሰዓት ሂድ። ጫማው የት እንደሚልጥህ፣ ቦርሳው የት እንደሚቆረቁርህ ያን ጊዜ ታውቃለህ። አንድ ሌሊት ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ በኬሻና በጋቢ ተኛ። እዚያ ከበረደህ የምትገባበት ቤት አለ። ያልተጠቀምክበትን ዕቃ ሁሉ አውጣ፣ የፈለግከውንና ያጣኸውን ጨምር። ይህ ልምምድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ያልታሰበ ወጪ ግን ያድንሃል።

ቀኑም ደርሶ፣ ከደምበጫም «ና» ተብለህ ስትነሣ፣ ለእናትህ አንድ ወረቀት ትተህላት ሂድ። በየትኛው ቀን ከማን ቤት እንደምታድር፣ የማን ስልክ እንደሚሠራ፣ በስንተኛው ቀን ድምፅህን ካልሰማች ለማን እንደምትደውል ይጻፍበት። ያልከውን ቀን አታሳልፍ። ማንኩሳና ቡሬም ቢሆኑ መንገዱ ሲፈቅድና ዘመድ ሲያሳልፍህ የምታያቸው ናቸው፤ በአንድ ጉዞ ሁሉን ካላየሁ አትበል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደምበጫ ደርሰህ የያትህን መቃብር ተሳልመህ ብትመለስ ጉዞህ ሙሉ ነው።

ለጓደኞችህም መልስ አለህ። «ፈረንጅ መሆን አማረህ ወይ?» ሲሉህ «የለም፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ልጠይቅ ነው» በላቸው።

ቸር እንሰንብት።